ከኡዘይር ሱሪ የተተረተረው ኪስ

ይድረስ ከአንድ ማሕፀን ቀድማኝ ለወጣችው፣ ለምወዳትና ለማከብራት ታላቅ እህቴ ለሐዲጃ፤ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እታለሜ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ያ ቤት አሁንም ሦስት ፎቅ በእግር ያስወጣሻል ወይስ አላህ ብሎልሽ አሳንሰሩ ተጠገነ? ሙቀቱስ? የጅዳ ሐምሌ ድንጋይ ያፈላል ይላሉ፤ ውጭው እሳት፣ ውስጡ በረዶ የሚተፋ ማቀዝቀዣ፣ በዚያ መሀል ደረትሽን እንዳይመታሽ ዘወትር እሰጋለሁ። ሻርፕሽን ትከሻሽ ላይ ጣል ማድረግ አትርሺ። እንቅልፍሽስ? ያቺ የአሠሪዎችሽ ትንሿ ልጅ አሁንም በእኛ አማርኛ ሸጋ ነው እያለች ታስቅሻለች? እኛ ከእማዬ ጀምሮ እስከ ድመቷ ድረስ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአዘዞ ጭቃ ብቻ ነው ያስቸገረን፤ ዘንድሮ ዝናቡ ገና ከመግባቱ ጫማ ማስቀረት ጀምሯል።

በየሳምንቱ በስልክ እያወራን ምን ደብዳቤ አስጻፋት እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልክ ላይ እኔ አስረዝማለሁ፣ አንቺ ታቋርጪኛለሽ፣ ኔትዎርኩ ደግሞ ሁለታችንንም ይቆርጠናል። ይህ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ መነገር አለበት። ልብሽ እንዳይመታ መጨረሻውን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ኡዘይር ልጅሽ ደህና ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ተፈትኖ መጥቷል፤ አሁን ይኸው ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሁለተኛውን ሳህን ፍርፍር እየጨረሰ ነው። መጨረሻው ሸጋ ነው እልሻለሁ። መጀመሪያው ግን እኔን የሚያስወቅሰኝ ስለሆነ፣ ቁጭ ብለሽ፣ ሻይሽን ይዘሽ አንብቢልኝ።

ዓምና ግንቦት ላይ፣ ኡዘይር ትምህርቱን እንዴት ያዘው ስትዪኝ፣ ሲያጠና ያድራል፣ ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድሽው ብዬሽ ነበር። ማደሩ እውነት ነው። ያሳደረው ግን ጫት ነው። የመጀመሪያውን ጫት የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሲከፈት የባከነውን ለማካካስ ብለው ትምህርቱን እንደ ዶፍ አወረዱባቸው፤ ልጁ ደብተሩን በገለጠ ቁጥር እንቅልፍ ይጥለዋል። አንድ ሐሙስ የባሌ የዐብደላ ጀመዓ እኛ ቤት ዱዓ አድርገው ሲወጡ የተረፈ ቀንበጥ ነበር። ኡዘይር ደብተሩ ላይ ሲንጎላጅ አይቼ አንሥቼ ሰጠሁት፤ እንካ፣ አያትህም ኪታቡን የጨረሰው በዚህ ነው አልኩት። እኛስ ይህንኑ እየሰማን አይደል ያደግነው? አባባ ጉንጩን ወጥሮ ኪታብ ሲያስቀራ ያላየ የሰፈር ሰው አለ? እኔ በረካ ያቀበልኩት መስሎኝ ነበር።

ያን ዕለት አንድ ምዕራፍ ዓይኑን ሳያነሣ ጨረሰ፤ እኔም ደስ አለኝ። በሳምንቱ ራሱ መጥቶ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ መጠየቁን ተወ። ለካ የሚጠይቀው ሌላ ሰው አግኝቶ ኖሯል። ፊቱ ጠቆረ፣ ምግብ ጠላ፣ ሽቶ መርጨት አበዛ። ጎረመሰ አልኩ። እታለሜ፣ ሰው ማየት የማይፈልገውን ነገር ስም ሊያወጣለት ሲፈልግ ስም አያጣም።

ታኅሣሥ ላይ የትምህርት ቤት ሱሪውን ላጥብ ይዤ፣ ውኃ ሳልነክረው፣ ከኋላ ከቀበቶ ማስገቢያው ሥር እጄ አንድ ነገር ነካ። ገለበጥኩት። ኪስ ነው። መዳፍ የምታክል፣ ከውጭ የማትታይ፣ አፏ ወደ ጎን የሆነ ኪስ። ውስጧ በፌስታል የተጠቀለለ የጠወለገ ቅጠልና አንድ ፍሬ ሲጋራ አለ፤ እኔ ሱቄ ውስጥ የምሸጠው ዓይነት። ከቅጠሉም ከሲጋራውም ይልቅ ያስደነገጠኝ ስፌቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የአንድ ሰው ስፌት ሳይ የኖርኩ ሴት ነኝ። ዐብደላ ክሩን ሲጨርስ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ እንደ እሱ የሚያደርግ ልብስ ሰፊ አዘዞ ውስጥ የለም። ኪሷን የሰፋት ባሌ ነው።

ምን አደረግሽ ትዪኝ ይሆናል። ሱሪውን አጠብኩ፣ አሰጣሁ፣ ሲደርቅ ያገኘሁትን መልሼ ከተትኩበት። ወላሂ እንዲህ ነው ያደረግሁት። ልጁን ብናገረው፣ ያስጀመርሽኝ አንቺ ነሽ ይለኛል። ዐብደላን ብጠይቀው፣ ሲጋራውን የምትሸጪው አንቺ ነሽ ይለኛል። ለአንቺ ብነግርሽ ደግሞ፣ ልጄ ከተበላሸ የጅዳ ሥራ ምኔ ነው፣ በማግሥቱ ጥዬ እመጣለሁ ያልሽኝ ጆሮዬ ላይ ነው። ስድስት ዓመት የለፋሽበትን በእኔ እጅ ቅጠል ላፈርሰው ነው? እናም ሁለት ወር ሙሉ፣ ያጠናል፣ ይበላል፣ ይሰግዳል እያልኩ ዋሸሁሽ። እታለሜ፣ ስለዚህ አውፍ በይኝ። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የምጽፍልሽ አውፍ ከማለትሽ በፊት ነገሩን በሙሉ እንድታውቂው ነው።

አሁን ወደ ሸጋው ልምጣ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተማሪ የምትመክር ዓይናዲስ የምትባል መምህርት አለች። የዳባት ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ፣ ስታዳምጥሽ ግን ሌላ ሰው በዓለም ላይ ያለ የማይመስላት። ቀደም ሲል ስለ ሱስ የሚደረገው የራስ ቅል የተሳለበት ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነበር፤ ልጆቹም ከወረቀቱ ሥር ቆመው ያጨሱ ነበር። የተያዘ ይባረራል። እሷ ግን፣ ያባረርናቸውን ልጆች ማን እንደተቀበላቸው ሄጄ አየሁ፣ ጫት ቤቱ ነው በክብር የተቀበላቸው አለቻቸው አሉ አለቆቿን። ከዚያ ተማሪ መፈተሹን ትታ መንገዱን ፈተሸችው። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ሚኒባስ ማቆሚያው በየደጃፉ እየቆመች ማን ለማን ምን እንደሚሸጥ አየች።

እኔም ጋ መጣች። አንድ እርሳስ ገዝታ፣ ቦርሳዋን ስትበረብር ቆየች። በዚያ መሀል ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ልጆች መጥተው አንዳንድ ፍሬ ሲጋራ አሉኝ፤ ሰጠኋቸው። ዓይናዲስ ደህና ዋይ እትዬ ዐዚዛ ብላኝ ሄደች። ስሜን ማን ነገራት እያልኩ ስገረም ዋልኩ እንጂ ማፈር የሚባል ነገር ሐሳቤም ውስጥ አልገባ።

የካቲት ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አላምረው በየሱቁ እየዞረ፣ ቅዳሜ ጠዋት አውጫጭኝ ተጠርታችኋል፣ የቀረ ወዮለት አለን። ሳቅን። አውጫጭኝ ያኔ በአያቶቻችን ጊዜ አገር ቤት በሬ ሲሰረቅ የሚደረግ ነው፤ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ሌባው እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይመለስም፣ ራሱን መግለጥ የፈራም ወፍ ነገረችኝ እያለ የሌላውን ስም ይጠቁማል። ከሱቄ ማዶ ጫት የምትሸጠው ይመኙሽ፣ የማን በሬ ጠፍቶ ነው፣ እኔ እንደሆንኩ የምሸጠው ቅጠል ነው፣ ቀንድ የለውም አለችው። አላምረውም፣ ቀንዱ በኋላ ነው የሚበቅለው ብሏት ሄደ።

ሄድን። የተማሪ ዴስኮች ግቢው ውስጥ በክብ ተደርድረዋል። ሱቅ ያለው፣ ጫት የሚሸጠው፣ ፑል የሚያጫውተው፣ የሚኒባስ ረዳቱ፣ ወላጁ፣ አስተማሪው ሁሉ አለ። ተማሪ ግን አንድም የለም። አላምረው በሩን ቆለፈና ቁልፉን ለአንድ ሽማግሌ አስረከባቸው። አያ ዳኛው ይባላሉ፤ የዓይናዲስ አባት ናቸው። በአገራቸው በአውጫጭኝ ዳኝነት የታወቁ የገብስ ገበሬ ስለሆኑ ልጃቸው ለዚሁ ብላ ነው ከዳባት ያስመጣቻቸው። ቁልፉን ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

ከዚያ ተነሡና፣ በእኛ አገር ከብት ሲጠፋ ሰው ሥራውን ፈትቶ ይቀመጣል፤ እዚህ ልጅ ሲጠፋ ምነው ሰው ሱቁን ከፍቶ ይቀመጣል አሉን። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። ዛሬ ግን ወፍ የለችም አሉ። የሌላ ሰው ስም የሚያነሣ ይቀመጣል፤ የልጅ ስም የሚያነሣ ከዚህች ዱላ ጋር ይነጋገራል። ሁላችሁም የገዛ እጃችሁ ለልጅ ምን እንዳቀበለ ብቻ ተናገሩ። የሚያስቸኩለኝ የለም፣ ገብሴም ጎተራ ገብቷል ብለው ዱላቸውን ተደግፈው ተቀመጡ።

ማን ይጀምር? ፀሐዩ ከአናታችን ደረሰ፣ ሁሉም የጎረቤቱን ፊት ያያል። በመጨረሻ የፑል ቤቱ ሰውዬ፣ ወፍ ባትኖርም እንኳ ቅጠሉ ከማን ደጃፍ እንደሚገዛ ሁላችን እናውቃለን አለ። ይመኙሽ ቀበል አድርጋ፣ እኔ ደጃፍ የምታርፈዋ ወፍ እኮ ካንተ ፑል ቤት ተነሥታ ነው የምትመጣው፣ እዚያ ምን ስትለቅም ውላ ነው አለችው። ግቢው በሳቅ ሞላ። አያ ዳኛው፣ ሁለታችሁም ወፎቻችሁን ሰብስቡ አሉ። ዙህር ደረሰ፤ አንድ ክፍል ከፈቱልንና ሰገድን፣ ተመልሰን ያው ዴስካችን ላይ። ከግቢው የወጣ ሰው የለም።

እታለሜ፣ ዐብደላን ታውቂዋለሽ። ኒካሕ ያሰርን ጊዜ እንኳ ተቀበልኩ እስኪል ሸኹ ሁለቴ ነው የጠየቁት። ያ ሰው ተነሣ። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው የመጣው። እኔ ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ አለ። ልጆቹ የውስጥ ኪስ ጨምርልን፣ ለሞባይል ነው ይሉኛል። የሚያስለኩኝ የኪስ አፍ ግን ጣት የሚያስገባ እንጂ ሞባይል የሚያስገባ አይደለም። አውቅ ነበር። ከውጭ እንዳይታይ አድርጎ መስፋት ሙያ ይፈልጋል፤ ሙያዬ ሲያምርልኝ ጊዜ ለምንድን ነው ማለቱን ተውኩት። የመጀመሪያዋን ኪስ የሰፋሁት እኔው ቤት ለሚታጠብ ሱሪ ነው አለ፤ የልጅ ስም ላለማንሣት። አያ ዳኛው ጎሽ አሉት።

እኔስ ምን ልሁን? ሱሪውን የማጥበው እኔ ነኝ። ተነሣሁ። ሲጋራ በፍሬ ለዩኒፎርም የምሸጥ እኔ ነኝ አልኩ። ኪሷን አግኝቼ፣ የነበረባትን መልሼ የከተትኩ እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ቅጠል በዚህ እጄ የሰጠሁ እኔ ነኝ ብዬ እጄን ወደ ላይ አነሣሁት፤ ለምን እንዳነሣሁት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዐብደላ ዞር ብሎ አየኝ። የቅጠሉን ነገር አያውቅም ነበር። እሱ እኔ ኪሷን ማግኘቴን ሳያውቅ፣ እኔ እሱ ምን እንዳሰበ ሳልጠይቀው፣ አንዲትን ኪስ ከሁለት ወገን ይዘን ስንደባበቅ ከርመናል።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው? ይመኙሽ ተነሣች። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ሲመጣ፣ ሹራብህን ገልብጠህ ልበስና ና እለው ነበር አለች፤ ገልብጦ ሲመጣ ተማሪ መሆኑን እንዳላየሁ ሆኜ እሸጥለታለሁ። የእኔም ልጅ አዲስ አበባ ነው፤ እዚያ ሹራብህን ገልብጥ የሚለው ሰው ማን ይሆን ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ይህን ብላ ተቀመጠች። አላምረው የጀርባውን አጥር ቀዳዳ እያወቀ ሁለት ክረምት እንዳልጠገነው ተናገረ። አንድ አስተማሪ ተማሪውን ሲጋራ ይልከው እንደነበር ተናገረ። የፑል ቤቱ ሰውዬ እንኳ አንገቱን ደፍቶ አንድ ሁለት ቃል አለ፤ ከአፉ የወጣው ግማሹ ብቻ ነው፣ ግን ወጣ። በመጨረሻ ማን ተነሣ ትያለሽ? ራሷ ዓይናዲስ። ዓምና ሦስት ልጆች ሲባረሩ ፈርሜያለሁ፤ አንዱ እስካሁን የት እንዳለ አላውቅም አለች። አባቷ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። እኔ አስተማሪ እንዲህ ሲናገር ዕድሜዬን ሰምቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ነው የወደድኳት።

አያ ዳኛው ቁልፉን ከጋቢያቸው እየፈቱ፣ እንግዲህ ሌባው ወጣ፣ ብዙ ነው፤ ካሣውን ሁላችሁም በየራሳችሁ ቁረጡ አሉ። እኔ ሲጋራውን ከሱቄ ላወጣ ቆረጥኩ፤ አወጣሁትም። ዐብደላ የሰፋውን ሁሉ ሊተረትር። ይመኙሽ ከዚያ መንገድ ልትነሣ። አስተማሪዎቹ ቤተ መጻሕፍቱን ከንጋት ጀምሮ እየተፈራረቁ ሊከፍቱት፤ ቀን በፀሐይ የፈዘዘ ልጅ ማለዳ በጥሩ አእምሮ እንዲያነብ።

ቤት ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። ኡዘይር የስፌት ማኪናው አጠገብ ተቀምጧል። ስሜን አላነሣችሁም አሉኝ አለ። አላነሣንም አልነው። እናቴ ታውቃለች ወይ አለ። አታውቅም አልኩት። እኔ ፈተናውን ስጨርስ ራስሽ ንገሪያት፣ ከዚያ በፊት ከነገርሻት ትመጣለች አለኝ። ቃል ገባሁለት። እስካሁን የዘገየሁት ለዚህ ነው፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ትናንት ነው የፈቀደልኝ። እማዬ ከመደብ ላይ ሆና ስትሰማን ቆይታ ምን አለች መሰለሽ? አባታችሁ ኪታብ ሲቀራ እንኳን ለጫት ለጫማ የሚሆን አልነበረውም፤ ጫት የጀመረው አስተማሪ ሆኖ እንግዳ ሲበዛበት ነው፤ ኪታቡን የጨረሰው በዓይኑ እንጂ በጉንጩ አይደለም አለችን። አርባ ዓመት የኖርንበትን ወሬ በአንድ አፍ ደመሰሰችው። ለምን አልነገርሽንም ብላት፣ መች ጠየቃችሁኝ አለች።

በማግሥቱ ልጁ ዳነ ብዬ አልዋሽሽም፤ ውሸት በቅቶኛል። ዘንድሮ ጾሙ የክርስቲያኖቹም የእኛም በአንድ ሳምንት ነበር የገባው፣ ከተማው ሁሉ ጾመኛ ነው፣ እሱም ጾመ። ግን ሐራራው ሲነሣበት መርዋን ልጄን በሆነው ባልሆነው ይቆጣታል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያለ ቅጠል አንድ መስመር አይገባኝም ብሎ መጽሐፉን ይወረውራል። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ደግሞ ቅጠል የለ፣ ምን የለ። ያ ነበር የሁላችን ጭንቀት። ዓይናዲስ ቤታችን ድረስ እየመጣች፣ በቀን አንድ ገጽ ብቻ ታነባለህ፣ ሁለተኛውን ከገለጥክ እኔና አንተ ተጣላን አለችው። አንድ ገጽ ምን ይሆናል ብዬ በልቤ አምቻታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ኡዘይር ከእሷ ተደብቆ ሁለተኛውን ገጽ ሲያነብ ያዝኩት። እንዲህ ያለ ስርቆት አይተሽ ታውቂያለሽ?

ከዒድ በኋላ አንዴ ተሰናክሏል። እሱንም ራሱ ነው የተናገረው። ማለዳ ላይ ዐብደላ ፊት ቆሞ፣ ትናንት ቅሜያለሁ አለው። ዐብደላ፣ ዛሬስ አለው። ዛሬ የለም አለው። እንግዲያ ጫማህን አድርግ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ይከፈታል ብሎ ይዞት ወጣ። በቃ። እኔ ብሆን ኖሮ እስከ አሱር እናገር ነበር። ዝምተኛ ባል ለምን እንደሚጠቅም በሃያ ሁለተኛ ዓመቴ ገባኝ።

የዐብደላ ካሣ ደግሞ መታየት ነበረበት። መርዋ፣ የተደበቀ ኪስ አይሰፋም፣ የተሰፋ በነጻ ይተረተራል ብላ በትልቁ ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈችለት። መጀመሪያ ሰው አልመጣም። ከዚያ አንዱ ሱሪውን በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ፣ ከዚያ ሌላው። ዐብደላ ማንነታቸውን አይጠይቅ፣ ቀና ብሎም አያይ፤ ተርትሮ፣ የመርፌውን ቀዳዳ በእንፋሎት ተኩሶ ይመልስላቸዋል። ያልመጡም አሉ። ፑል ቤቱም ሁለት መንገድ ዘልቆ ሄደ እንጂ አልተዘጋም። ይመኙሽ ግን ቃሏን ጠበቀች፤ ዛሬ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆሎና ሻይ ትሸጣለች፣ ልጆቹንም ሹራባችሁን በደንብ ልበሱ፣ ብርድ ነው እያለች ትቆጣለች። የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጥተው በደብተራቸው ሲጽፉ ውለው፣ በሌሎቹም ትምህርት ቤቶች እንዲደረግ ወሰኑ አሉ። ከአይከል ሳይቀር አያ ዳኛውን ፈልገው ልከዋል። እሳቸው ግን፣ ክረምት ነው፣ የምዘራው አለኝ፤ ቁልፍ መቋጠር እኮ የሚያቅት ነገር አይደለም፣ የራሳችሁን ሽማግሌ ፈልጉ አሏቸው።

ኡዘይር የራሱን ኪስ አላመጣም ነበር። ዐብደላም አምጣ አላለው። ሱሪውን ሳጥብ ኪሷ አለች፤ እጄን ግን ዳግመኛ አልሰደድኩባትም። ወደ ፈተናው በሚሄዱበት ጠዋት ሱሪውን ይዞ መጣና ዐብደላን ምላጭ ስጠኝ አለው። ልተርትርልህ ሲለው አይ፣ ራሴ አለ። ያቺ ሦስት ጊዜ የምትመለስ ክር አልበጠስ ብላ አላበችው። ምነው እንዲህ አጠበቅከው ቢለው፣ ዐብደላ፣ ሥራ ነዋ አለው። ሁለቱም ሳቁ። አውቶቡሱ ሲሄድ ግን እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ግቢው በር ላይ ተማሪውን ሲፈትሹ የኡዘይርን ሱሪ ወገብ ገልብጠው የመርፌውን ዱካ አዩ። እዚህ ምን ነበር አሉት። ኪስ ነበር፣ ፈታሁት አላቸው። አሳለፉት። የፈተናውን ቀናት ሁሉ ያለ አንዲት ቅጠል ተቀምጦ፣ በደንብ ተኝቶ፣ ከጓደኛው ዳቦ ሳይቀር ቀምቶ በልቶ መጣ። ውጤቱ ገና ነው፤ እሱ የአላህ ነው። እኔ ግን እንዲህ እልሻለሁ፤ ለዚህ ብለሽ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ። የምትመጪው ዕረፍትሽ ሲደርስ ነው፤ የተኮፈሰ ጎረምሳ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ሲቀበልሽ ነው። እኔንም ያን ዕለት ተቆጪኝ፣ እስከዚያ ቁጣሽን አቆዪልኝ።

እማዬ ዱዓዋን ልካልሻለች፤ ጉልበትሽን በሰሊጥ ዘይት እሺው ብላለች። መርዋ በጣም ናፍቀሽኛል፣ እኔም ዘጠነኛን አልፌያለሁ ትላለች። ዐብደላ ሰላም በያት ብሏል፤ ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። መምህርት ዓይናዲስ ሳታውቂያት ሰላም ብላሻለች። ይመኙሽም እንዲሁ። በአንቺ በኩል አብረውሽ ያሉትን የአገራችንን ልጆች ሁሉ፣ ያቺን ትንሿንም ልጅ፣ በእኔ ስም ሰላም በዪልኝ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ለዑምራ የምትመጣው ጎረቤታችን ናት፤ አጥብቀሽ አስተናግጃት።

ኡዘይር አንተም ጻፍላት ብለው፣ አክስቴ አንቺ ሁሉንም ጽፈሽዋል፣ እኔ የምልከው ሌላ ነው አለኝ። ከፖስታው ውስጥ አንዲት ግራጫ ጨርቅ ስትወድቅ ብጣሽ መስላሽ እንዳትጥያት። ኪሷ ናት። አጥቤያታለሁ፣ እሱ ደግሞ ራሱ ተኩሷታል። እጅሽን ስደጂባት፤ ከዚያም ገልብጠሽ እያት። ምንም የለባትም።

እህትሽ ዐዚዛ
ጎንደር፣ አዘዞ
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.